አልጋ ሥር የገባው ሰርጓጅ መርከብ

በጦርነት ይሳቃል እንዴ? እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም። ጥርስ ባዳ ነው ሲባል ሰምታችኋል፤ ሆድ እያዘነም እሱ ይስቃል። የእኔ ጥርስ ግን ባዳነቱን አበዛው።

ነገሩ የመጣው ከፊልም ነው። ባለቤቴ ለሥራ ወደ አርጆ ከተማ ሲመላለስ እኔና ልጄ ቤት ተዘግተን መዋላችን አሳዝኖት ነው መሰለኝ፣ አንድ ፊልም በፍላሽ አስጭኖ መጣ። የድሮ፣ ጥቁርና ነጭ። ደግነቱ በአማርኛ እየተረጎመ የሚያወራ ሰው አለበት፤ ከሥር የሚጻፍ ቢሆንማ እኔ አንዱን ቃል አንብቤ ቀና ስል ሰዎቹ ሌላ ወሬ ጀምረዋል። ታሪኩ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ስላሉ ወታደሮች ነው። እንግዲህ ነቀምቴ ባሕር የላት፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያየነው ብረት ቢኖር የጉድጓድ ባልዲ ነው። እሱም ገመድ ካልያዘው አይመለስም።

የጠላት መርከብ ከላይ ሲያልፍ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው። ይኼኔ ምግብ አብሳዩን ስቅታ ይይዘዋል፣ አዛዡ ደግሞ አፉ ውስጥ ዳቦ ይወትፍበታል። ልጄ ሲፈን፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ እዚህ ጋ ስትስቅ ከወንበር ወደቀች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከከተማው ዳር ተኩስ ተሰማ። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ አልጠየቅኩም፤ እናት መጀመሪያ የምትቆጥረው ልጆቿን ነው፣ እኔ አንድ ስላለችኝ ቶሎ ጨረስኩ። ይዣት አልጋ ሥር ገባሁ። እሷ እቴ፣ ምኗም አልፈራ።

«አዮ፣ አሁን ውሃ ውስጥ ነን አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ፤ እማዬ ማለቷ ነው።

አዎ ልበላት ብዬ አፌን ስከፍት ልቅሶ ቀደመኝ። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በእጇ የያዘችውን ዳቦ አፌ ውስጥ ወተፈችብኝ።

ሳቄ መጣ። በዚህ መሃል ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ብቻቸውን መሆን ፈርተው በጓሮ በር ገቡ። ሰው ይሙት ይዳን ሳይታወቅ ትስቂያለሽ ወይ ብለው ተቆጡኝ፤ እየተቆጡም አልጋው ሥር ገቡ። ሰፊ ሴት ናቸው፣ የገባው ግማሻቸው ነው።

«አዴ፣ እግርዎ ውጭ ቀርቷል፤ ጠላት ያየዋል» አለቻቸው ሲፈን።

አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው በሳቅ ተንቀጠቀጡ። አልጋውም አብሮ። ተኩሱ መቼ እንዳቆመ እንኳ አልሰማንም።

ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል፣ ተመስገን። የከፋት ሲፈን ናት። እንደ በዓል ቀን «መቼ ነው የሚተኮሰው?» እያለች ትጠይቀኛለች። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰላም ተጸልዮ ሁላችን አሜን ስንል እሷ አፏን ገጠመች። ለምን ብላት፣ «ሰላም ከሆነማ አዴ ጫልቱ አልጋ ሥር አይገቡም» አለች።

ባለቤቴ እውነቱን ንገሪያት ይላል። ብነግራት፣ ያ ድምፅ የመጣ ቀን በፍርሃት የምንንቀጠቀጠው ሁለታችንም ልንሆን ነው። ባልነግራት ትናፍቀዋለች። ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እስኪ ምከሩኝ፤ ሳላስፈራት ምን ብዬ አሜን ላስብላት?