አክስቴ፣ የገደል ማሚቶዋ

ጠባ። ሌላውን በኋላ እነግራችኋለሁ፤ ጥጃው ጠባ፣ ጭልጥ አድርጎ ጠባ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ነው የምጽፈው፤ ወረቀቱ ቢያጣብቅ አትፍረዱብኝ።

የሰማውን ድምፅ ሁሉ መልሶ አውጥቶ ሰው የሚያስደነግጥ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በምድር ላይ የለም። ለእኛ የደረሰችን አክስቴ ናት። «ክብርት የገደል ማሚቶ» እንላታለን፣ ከኋላዋ። ከኋላዋ መሆኑም አይጠቅመንም፤ ወዲያው በገዛ ድምፃችን ትመልስልናለች።

አንድ ቀን በእኔ ድምፅ ለባለቤቴ ደውላ «ለአክስቴ ደህና ጫማ ገዝተህላት ና» አለችው። ገዝቶላት መጣ። የከብት ሐኪሙን ሳል ከበሩ ላይ ስትስል ደግሞ ላሞቹ መርፌ ፈርተው ጥግ ይይዛሉ። ብንቆጣትም መልሷ አንድ ነው፦ «እኔ ምን አደረግሁ? ራሱ ነው የመጣው።»

ይህቺ «ራሱ ነው የመጣው» ታስቀኝ ነበር፣ አያቴ እስካረፉ ድረስ። ካረፉ ከወራት በኋላ ለምሳ ቀርበን ሳለ ከጓዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁላችንም ለአክብሮት ከወንበራችን ብድግ ካልን በኋላ ነው መሞታቸው ትዝ ያለን። የዚያን ቀን፣ በዚህ ቤት የሞተ ሰው አይናገርም ብዬ ከለከልኳት።

አሁን ወደ ጠባው ልምጣ። የምናረባው የሥጋ ከብት ነው። በመውለጃ ወቅት ጥጃው ሁሉ እናቱን ይጠባል፤ እናቱ የሞተችበት ግን የእኔ የጡጦ ልጅ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ጭጋጉ ሳይገለጥ ቀይዋ ላም ወለደች። አፏን ሳትከፍት ከጉሮሮዋ ውስጥ ልጇን አንዴ ጠራችውና ሞተች። በረቱ በር ላይ ሸራ አለበስናት።

ከሌላ አራስ ላም ያለብኩትን እንገር፣ ያንን ወፍራም የመጀመሪያ ወተት፣ ጥጃው እምቢ አለ። ጣቴን አጎረስኩት፤ ጡጦውን በላንቃው አሸሁለት። ወተቱ በአገጩ ይወርዳል፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያዳምጣል። ሐኪሙ «እንገሩን ዛሬ ካልጠጣ ነገ አትጥሩኝ» ብሎ ሄደ። ባለቤቴም «ተይው፣ ልቡ ከእሷ ጋር ሄዷል» ብሎኝ ወጣ።

አክስቴን ጠራኋት።

«ከልክለሽኛል እኮ» አለች።

«አክስቴ፣ በሞቴ።»

«በሞቴ አትበይኝ፤ ያንቺም ድምፅ አለኝ።» ትንሽ አሰበች። «ለነገሩ የከለከልሽኝ ሰው ነው። ላም አላልሽም።»

በግድግዳው ጀርባ ዞረች። ከዚያ መጣ። ዝቅ ያለ ማጉረምረም ነው፤ ከጆሮ ይልቅ በውስጥ እግር የሚሰማ። ውሻችን ጋሪው ስር ገባ። ሜዳው ላይ ያሉት ላሞች ማመንዠካቸውን አቁመው ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ሸራው ዞሩ። እኔም ዞርኩ። ሸራው አልተንቀሳቀሰም። ዓይኔን ከላዩ ለማንሳት ግን ድፍረት አጣሁ።

ጥጃው ጆሮውን ቀሰረ። እየተንገዳገደ ቆመ። ጡጦውን ከእጄ ሊነጥቀኝ ምንም አልቀረው፤ ጅራቱን እያወዛወዘ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨረሰው።

ድምፁ ቆመ። ወዲያው አንዲት የማላውቃት ሴት ከኋላዬ፣ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር በሆነ ድምፅ፣ «ጡጦውን ቶሎ እጠቢው፤ ደግሞ ይርበዋል» አለችኝ። ማን ገባ ብዬ ዞርኩ።

አክስቴ ናት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር የራሷን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ለካ። እንዴት ያምራል መሰላችሁ። «አክስቴ፣ እስቲ ድገሚው» ብላት፣ በእኔው ድምፅ «አክስቴ፣ እስቲ ድገሚው» አለችኝ።

በሉ ልሂድ። ባለቤቴ ከአጥሩ ማዶ ለላሟ ጉድጓድ እየቆፈረ ነው። አካፋው እስካሁን ይሰማኛል፤ ለሁለት እንዲበቃ እያሰፋው ነው። ሮጬ አታስፋው ልበለው።