ለእትዬ ዘነበች የዘረጋሁት ዋይፋይ

ሰውን ለማስቀየም የግድ ክፉ መሆን አያስፈልግም። ሳይጠየቁ ደግ መሆን ይበቃል። በዚህ ሙያ እኔ የተካንኩ ነኝ፤ ማስረጃው ጣሪያዬ ላይ ተሰቅሏል።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ማታ ማታ ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው እኛ ቤት ይመጣሉ። ወልቂጤ ያለችውን ልጃቸውን በእኛ ዋይፋይ በቪዲዮ ያዩአታል፤ የልጅ ልጃቸውንም ስክሪኑ ላይ ይስማሉ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን አይሄዱም። ጨዋታው ገና መጀመሩ ነው፤ የባለቤቴ ወጥ ጨው እንደሚያንሰውም የሚነገረው ያኔ ነው።

ውለታቸው አለብኝ። በልጅነቴ በሰፈሩ ቴሌቪዥን የነበረው እሳቸው ቤት ብቻ ነው። በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ሾልከን፣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ወለሉ ላይ እንደረደር ነበር። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንቴና ሊያዞሩ ጣሪያ ላይ ሲወጡ እኛ ከታች "መጣ! ሄደ!" እያልን እናግዛለን። ፕሮግራሙ ሲያበቃ እትዬ ዘነበች ቴሌቪዥኑን ዳንቴል አልብሰው ቆሎ ያፍሱልናል። ያ ጠባብ ሳሎን ያን ሁሉ ልጅ እንዴት እንደቻለ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ይናፍቀኛልም። አባቴ የራሳችንን ቴሌቪዥን የገዛ ቀን እትዬ ዘነበች እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ መጡና፣ እናቴን ጓዳ ጠርተው "ምን አስቀየምኳችሁ?" አሏት። እናቴ ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር።

የቆርቆሮው አጥር ዛሬ ግንብ ሆኗል፤ ቀዳዳውም ተደፍኗል። እኛ ጋ ለመምጣት በጭቃው ዞረው ነው። ክረምት ሲገባ ወድቀው ይሰበራሉ ብዬ ሰጋሁና አክሰስ ፖይንት የሚባል ሁለት የዋይፋይ ማስተላለፊያ ገዛሁ፤ አንዱን በእኔ ጣሪያ ላይ፣ ሌላውን በእሳቸው መስኮት ስር ቡፌ ላይ ፊት ለፊት አስተያይቼ ዋይፋዩን ያለ ገመድ በግንቡ አናት ላይ ላሻግር። ባለሙያዎች ብሪጅ ይሉታል። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ቪዲዮ አይቻለሁ። ዛሬ ከዚህ የበለጠ የተማረ ማን አለ?

መሣሪያ ሁሉ ኔትወርክ ላይ የሚጠራበት የራሱ የቁጥር አድራሻ አለው፤ እኔ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሰጥቻቸው ኖሯል። አንዱን ስጠራ ሌላው አቤት እያለ፣ የእሳቸው ሊመጣ ቀርቶ የእኛም ጠፋ። ባለቤቴ መሰላሉን እንደያዘች "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለችኝ። አድራሻውን ለይቼ ስሰጥ ሁለቱም አረንጓዴ አበሩ። እትዬ ዘነበች መሣሪያውን አይተው "ተባረክ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ያለው ከብርዱ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ቀሩ። መጀመሪያ ኮራሁ፤ ሥራዬ ሠርቷላ! ሰንበትበት ሲል ግን ማታው ረዘመብኝ። ወጡም ማንም ሳያማው ይበላ ጀመር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ናፈቁኝ።

ሄድኩ። አክሰስ ፖይንቱ ተነቅሎ፣ ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ያንን የጥንቱን ዳንቴል ለብሶ ቡፌው ላይ ተቀምጧል። አልሠራ ብሏቸው እንደሆነ ጠየቅኩ። አንድ ቀንም እንዳልነኩት ነገሩኝ። ልጃቸውንስ? ካርድ ሞልተው ይደውላሉ፤ ፊቷ ባይታይም ድምፅ ይበቃል አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

"የኔ ልጅ፣ ምን አስቀየምኳችሁ? እንዳልመጣ ከሆነ፣ ለመሣሪያ ገንዘብ ከምትከሰክስ ብትነግረኝ አይሻልም ነበር?"

ጭቃውን ፈርቼላቸው እንጂ እንዳይመጡ ብዬ እንዳልሆነ ሃምሳ ጊዜ ማልኩላቸው። አመኑኝ አላመኑኝ አላውቅም።

በማግስቱ ማታ ስልካቸውን በነጠላቸው ቋጥረው፣ ጭቃውን ተሻግረው መጡ። ገና ከበራፍ የእሳቸው ቤት ኔትወርክ እንዳስቸገራቸው አስታወቁ። ልጃቸውን አዩ፣ የልጅ ልጃቸውን ሳሙ፣ ወጡን ቀምሰው ጨው ያንሰዋል አሉ። መሣሪያው መቼ እንደሚጠገንም ጠየቁኝ።

"እንዲህ ያለው ብልሽት ቶሎ አይጠገንም፣ እትዬ" አልኳቸው።