ጀልባ ቁጥር ሦስት መቲ ተራራ ላይ ስለመታየቷ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ፣ የጀልባ ማኅበሩ ቢሮ (በኋላ ክርክር ተነስቶበታል)
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡20 (የተጠራው ለ7፡00 ነበር)

የተገኙ፦
አቶ አብዱልባሲጥ፣ ነጋዴ፣ ሰብሳቢ
አቶ በሪሁን፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አባል
ወ/ሮ ነጅሚያ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባለቤት፣ አባል
ወ/ሮ ኛጋች፣ የጀልባ ባለቤት፣ አባል
ካፒቴን ኝዎን፣ የጀልባ ቁጥር ሦስት ነጂ፣ ተጠያቂ
ሲስተር ጽጌ፣ የጤና ባለሙያ፣ ታዛቢ
ልዑልቃል፣ መምህር፣ ጽሑፉ ያምራል ተብሎ የተያዘ ድምፅ አልባ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ሀያቱ፣ አባል። ሲደወልላቸው "መንገድ ላይ ነኝ" ብለዋል። ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የጀልባዋ መገኛ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ማኅበሩ ከሳተላይት ምልክት እየተቀበለ ጀልባ ያለችበትን ቦታ ለቢሮ የሚያሳውቅ መሣሪያ ጀልባ ቁጥር ሦስት ላይ አስገጥሟል። ጀልባዋ ጳጉሜን 3 ቀን ክትባት ጭና በባሮ ወንዝ ወደ ማታር ብትነሳም፣ የቢሮው ታብሌት ቀኑን ሙሉ መቲ፣ ቡና ጫካ ውስጥ ቆማ አሳይቷታል።

ካፒቴን ኝዎን መልሳቸው እንዳለ እንዲጻፍ ጠይቀዋል፦ "እኔ ሃያ ዓመት ባሮ ላይ ነኝ። መቲ ዳገት ነው። ጀልባ ዳገት እንዴት ይወጣል? ተሸክሜ ነው?"

አቶ በሪሁን በመሸከሙ የተባበሩ ሰዎች ስም እንዲገለጽ ጠይቀዋል።

ሲስተር ጽጌ በዕለቱ ጀልባዋ ላይ እንደነበሩና ማታር ሕፃናት ከትበው እንደተመለሱ መስክረዋል። ወ/ሮ ነጅሚያ በበኩላቸው ሰው ሊሳሳት እንደሚችል፣ ሳተላይት ግን ከላይ ሆና ስለምታይ እንደማትሳሳት ገልጸዋል።

አቶ በሪሁን የሳተላይት ምልክት በሬዲዮ ሞገድ ሊታፈን እንደሚችል፣ ይህም አውሮፕላንና መርከብ ሳይቀር እንደሚያሳስት ከስልካቸው አንብበዋል። ስለዚህ ኒውላንድ ውስጥ ያለ ሬዲዮ ሁሉ ለሳምንት እንዲዘጋ፣ ሞገድ የሚጠብቅ ዘበኛ ጣሪያ ላይ እንዲቆም፣ ሳተላይቷም በደብዳቤ ማብራሪያ እንድትጠየቅ፣ ግልባጩም ለመዝገብ ቤት እንዲደርስ ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢው የስፖርት ዜና ሰዓት ካልተነካ እንደሚደግፉ ተናግረዋል። ወ/ሮ ኛጋች ዘበኛው ሞገዱን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ጠይቀው፣ ፊሽካ እንደሚነፋ ተመልሶላቸዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ማንኛውም ሰውም ሆነ ዕቃ የሚገኘው ታብሌቱ አለበት ብሎ ባሳየው ቦታ ላይ እንዲሆን፣ ወ/ሮ ኛጋች እየተቃወሙ፣ በሦስት ድምፅ ተወስኗል። ሬዲዮው፣ ዘበኛውና ደብዳቤውም አብረው አልፈዋል።

አጀንዳ 2፦ እርምጃ

ካፒቴን ኝዎን ለሦስት ወር ከሥራ እንዲታገዱ፣ የነገው የማታር ጉዞም እንዲሰረዝ ተወስኗል። ሲስተር ጽጌ ክትባቱ በረዶ ሳጥን ውስጥ እንደገባ፣ በረዶው ከነገ ማታ እንደማያልፍ፣ የማታር እናቶችም ነገ ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡ እንደተነገራቸው ድምፃቸው እየተቆራረጠ አስረድተዋል። ሰብሳቢው ስሜታቸው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ፈቅደዋል። ተይዟል። ጸሐፊውም አንጀቱ አሯል፤ ይህን ግን ማንም አልፈቀደም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ካፒቴን ኝዎን በታዘዙት መሠረት መሣሪያውን ከነባትሪው፣ ከዚያው ባትሪ ላይ ከተሰካው ስልክ መሙያ ቻርጀር ጋር ነቅለው ለማስረጃ አምጥተው ከጉባኤው መጀመሪያ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውታል። መብራት በመጥፋቱ ታብሌቱም በዚሁ ቻርጀር እየሞላ ነበር።

ወ/ሮ ኛጋች ታብሌቱን አይተው "አሁንም እኮ መቲ ነው የሚለው" አሉ። መሣሪያው እፊታችን ስለሆነ፣ በውሳኔያችን መሠረት እኛም መቲ እንደሆንን ተረጋገጠ። ሰብሳቢው ቤታቸው ደውለው እንደሚያመሹ አሳወቁ። ወ/ሮ ነጅሚያ መቲ እንደሚበርድ ገልጸው በዚያ ሙቀት ሻርፓቸውን ደረቡ። አቶ በሪሁን እዚህ ድረስ ተመጥቶ ማርና ቡና ሳይገዛ መመለስ ነውር እንደሆነ አሳሰቡ።

ሲስተር ጽጌ በንዴት ተነስተው ስልካቸውን በራሳቸው ቻርጀር ለመሙላት የታብሌቱን ቻርጀር ከባትሪው ነቀሉ። ጥቂት ቆይቶ፣ 10፡35 ላይ፣ ታብሌቱ እንዳሳየው ጉባኤው ከመቲ ወርዶ ኒውላንድ ገባ። ቻርጀሩ ሲሰካ የሳተላይቷ ምልክት ጠፋ፣ ሲነቀል መጣ። ሦስት ጊዜ ተሞክሯል። ምልክቱን ሲያፍን የከረመው ሞገድ ከቻርጀሩ የሚወጣ ሆኖ ተገኝቷል።

ወ/ሮ ነጅሚያ ተጠይቀው ቻርጀሩ ከሱቃቸው መሆኑን፣ መሣሪያውም መቲ ቡና ከሚጭን መኪና የተፈታ መሆኑን አምነዋል። ምልክት ሲያጣ የሚያሳየው መጨረሻ የሚያውቀውን ቦታ እንደሆነም አክለዋል። ቻርጀሩ ዋስትና እንደሌለው ሳይጠየቁ አስታውሰዋል።

ወ/ሮ ኛጋች የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ 7 አነበቡ፦ ከጋምቤላ ከተማ ውጭ የተላለፈ ውሳኔ አይጸናም። በራሳችን ውሳኔ ከ8፡20 እስከ 10፡35 መቲ ነበርን። አቶ በሪሁን ግን ውሳኔው ከፈረሰ መቲ እንዳልነበርን፣ መቲ ካልነበርን ውሳኔው እንደሚጸና፣ ከጸና ደግሞ መቲ እንደነበርን ለሦስተኛ ጊዜ ማስረዳት ሲጀምሩ ሰብሳቢው አስቁመዋቸዋል።

በመጨረሻም ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ጀልባ ቁጥር ሦስት ነገ ጠዋት 12 ሰዓት በካፒቴን ኝዎን ነጂነት፣ ያለ ቻርጀር፣ ወደ ማታር እንድትነሳ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ ጉባኤው 11፡05 ላይ ተበትኗል። አቶ ሀያቱ በር ላይ ተገናኝተውናል።

ካፒቴን ኝዎን ማኅተም ከመመታቱ በፊት አንድ መስመር እንዲጨመር ጠይቀው፣ እስኪጻፍ ጸሐፊው አጠገብ ቆመው ጠብቀዋል። ተጽፏል፦ ካፒቴን ኝዎን ጳጉሜን 3 ቀን ማታር ደርሰዋል።