ሁሉንም ፊት የሚነኩት እትዬ አሰገደች

ድግስ ባለበት አገር ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው ራሱን ፎቶ አንሺ አድርጎ የሾመ አንድ ሰው አይጠፋም። ሙሽራው ሊዘገይ ይችላል፣ ወጡም ሊያርር ይችላል፣ እሱ ግን ስልኩን ይዞ በሰዓቱ ከተፍ ይላል። ከድንበር ማዶ፣ በወደቡ ከተማ ጋቦዴ ሰፈር የሚኖሩ ሐበሾች ይህን ሥልጣን ለክብርት ወይዘሮ አሰገደች ካስረከቡ ቆይተዋል።

እትዬ አሰገደች ሰውን ከሩቅ አያነሱም። "ከሩቅ ማንሳት ስለላ ነው" ይላሉ። አፍንጫ ስር ድረስ ይጠጉና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "ተንፍሱ እንጂ፣ ለመታወቂያ መሰላችሁ እንዴ?" ይላሉ። ክርስትና ላይ ቄሱን፣ "አባ፣ መስቀሉን ዝቅ ያድርጉት፣ ፊትዎን ሸፈነው" ብለው ያስቆሙ ሴት ናቸው። አንድ ሰርግ ላይ ደግሞ ሙሽሪትን፣ "ቀለበቱን አውልቂና እንደገና አጥልቂው፣ ጣቴ ካሜራው ላይ ነበር" አሏት። ሙሽሪትም እሺ ብላ ደገመችው።

ይዲድያ ጎረቤታቸው ነው፣ እጃቸው ላይ ነው ያደገው። አሁን ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ቁጭ ብሎ የስልክ አፕ ይሠራል። ሰሞኑን የሠራው የካሜራ አፕ ነው፦ ስክሪኑን ነካ ሲያደርጉት ቢጫ ሳጥን ይመጣል፣ ካሜራውም ያንን የተነካውን ቦታ አጥርቶ ያነሳል። እንዲሞክሩለት መጀመሪያ የጫነው እሳቸው ስልክ ላይ ነበር።

ጋሽ ወልደየሱስ ምድር ባቡር ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ጠቅልለው ድሬዳዋ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው። ተመልሰው እንደማይመጡ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን አያነሳውም። በሚሄዱበት ቀን ዋዜማ ሰፈሩ ግቢያቸው ተሰበሰበ። እሳቸው ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ሌላው ከኋላቸው እስከ በሩ ድረስ ቆመ። እትዬ አሰገደች አሳጥበው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት አንድ ጥሩ ፎቶ ፈለጉ።

አነሱና አዩት። በሩ ጋ የቆመችው ጎረቤታቸው ኻሊዳ ጉትቻዋ ሳይቀር ጥርት ብላለች። ጋሽ ወልደየሱስ ግን በላብ በደበዘዘ መነጽር የሚታዩ ይመስላሉ።

"ያንተ አፕ ሽማግሌ አያከብርም" አሉት ይዲድያን።

ይዲድያ ደነገጠ። "እስቲ ይድገሙት፣ ልይዎት" ብሎ ከኋላቸው ቆመ። እትዬ መጀመሪያ የጋሽ ወልደየሱስን ፊት ነኩ። ሳጥኑ መጣ፣ ጥርት አሉ። ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ነኩ። ከዚያ ቀጣዩን። እንዲህ እንዲህ እያሉ ኻሊዳ ጋ ደርሰው ፎቶውን አነሱ።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ሁሉንም እየነካሁ ነዋ። ከትልቅ ጀምሬ።"

"አንድ ሰው ብቻ ነው የሚነካው። ካሜራው መጨረሻ የተነካው ላይ ነው የሚቀረው።"

እትዬ አሰገደች ወደ ሰዉ ዞሩ። "ይዲድያ አንድ ሰው ብቻ ንኪ ይላል። ማን ይቅር?"

ግቢው ሁሉ ይዲድያን አየው። ኻሊዳ፣ "እኔን ይዝለሉኝ፣ ግድ የለም፣ እኔ የበር ሰው ነኝ" አለች፣ በጣም ግድ ባለው ድምፅ።

"እኔ አልቸኮልኩም" አሉ ጋሽ ወልደየሱስ። "ባቡሩ ነገ ነው።"

ይዲድያ ላፕቶፑን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ካሜራ በአንዴ አንድ ርቀት ላይ ብቻ እንደሚያጠራ ሊያስረዳቸው አሰበና ተወው። ቤት ገብቶ አንዱን ጨብጦ ሌላውን መዝለል ነውር እንደሆነ ለካሜራ ማን ይነግረዋል? ስለዚህ ፕሮግራሙን ቀየረው። ካሜራው መጀመሪያ የተነካው ፊት ላይ ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ሲነካ ሳጥኑ ይመጣል እንጂ ምንም አይሠራም። ለሙያው ሰው ይሄ ማጭበርበር ነው። ኻሊዳም ትንሽ ትደበዝዛለች። ግን ኻሊዳ ነገም በሩ ላይ አለች፣ ጋሽ ወልደየሱስ ናቸው የሌሉት።

"በሉ፣ አሁን ሁሉንም ይንኩ። ከትልቅ ብቻ ይጀምሩ።"

"ድሮስ ከማን ልጀምር ኖሯል?"

ነኩ። የጋሽ ወልደየሱስ የዓይናቸው ዳር ሽብሽብ አንድ በአንድ ወጣ። እትዬ የቀረውንም ሰው ሳይዘሉ ነኩ፣ ሳጥኑም ሁሉንም ጎበኘ።

"አንተስ ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ!"

ይዲድያ ሄዶ ኻሊዳ አጠገብ ጥግ ላይ ቆመ። እትዬ አሰገደች ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ጠርዝ አመጡና ነካ አደረጉ። ያቺ ሳጥን ፊቱ ላይ ምንም እንደማትሠራ እሱ ያውቃል፤ እንዳትሠራ ያደረጋትም እሱ ነው። ቢሆንም አንገቱን ቀና አድርጎ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ።