የምዜ ኤሊናሚ «ለማንኛውም»

በየቤተሰቡም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ፣ ነገን ዛሬ የሚኖር አንድ ሰው አይጠፋም። አውቶቡሱ ሊነሳ አራት ሰዓት ሲቀረው መናኸሪያ ይገኛል። በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ «ቆልፌዋለሁ?» ብሎ ከመንገድ ይመለሳል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት አጎታችሁ ነው። እኛ ኪሊማንጃሮ ሥር፣ ሞሺ ከተማ የምንኖር ሰዎች ግን፣ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ የሁሉንም አለቃ ይዘናል። ክቡር ምዜ ኤሊናሚ ይባላሉ። ምዜ እናንተ ጋሼ እንደምትሉት ነው።

ምዜ ኤሊናሚ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግዳ ወደ ተራራው ሲመሩ ኖረዋል። ላይ ከወጡ በኋላ ድምፃቸው አይሰማም፤ ነፋሱም ብርዱም ግድ አይሰጣቸውም። መከራው እኛ አብረናቸው የምንሠራው ሰዎች ከመውጣታችን በፊት ያለው ቀን ነው። ያን ቀን እሳቸውም አይቀመጡ፣ ሌላውንም አያስቀምጡ። አንድ ቃል አለቻቸው፣ «ለማንኛውም»። ከሷ በኋላ የሚመጣው ነገር መጨረሻ የለውም።

ያለፈው ወር የወጣንበትን ጉዞ ልንገራችሁ። እንግዶቹ ከሆላንድ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሰዎቹ ከተማውን አይተው፣ ፖስትካርድ ገዝተው አርፈው ሊውሉ ነበር ሐሳባቸው። ምዜ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆቴሉ በር ላይ ቆሙ። ባልየውን አዲሱን ጫማ አስደርገው ደረጃውን ሦስት ጊዜ አስወጡት፣ አስወረዱት። ሚስትየው ምሳ ላይ ሰላጣ ስታዝ ምዜ ቀስ ብለው ወጥ ቤት ገቡ። ሰላጣው ተቀቅሎ መጣ።

«ምዜ፣ ሰላጣ እኮ አይቀቀልም» አላቸው አስተናጋጁ።

«አውቃለሁ ልጄ። ለማንኛውም ብዬ ነው።»

ከዚያ ወደ ዕቃው መጡ። የእያንዳንዱ ተሸካሚ ጭነት ይመዘናል፤ ደንብ ነው። ምዜ መዘኑ። ደግመው መዘኑ። ከዚያ ሚዛኑን ተጠራጠሩና ሁለት ኪሎ ስኳር አስገዝተው ሚዛኑን በስኳሩ ፈተኑት። ልክ ሆነ። አሁን ደግሞ ስኳሩን ተጠራጠሩ። ባለሱቁ ዘንድ ሄደው «ወንድሜ፣ ይኼ በእርግጥ ሁለት ኪሎ ነው?» ሲሉት፣ ሰውየው ሱቁን ዘግቶ ሄደ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ብስቅ ያስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስምንት ዓመት የሰው ሻንጣ ራሴ ላይ ተሸክሜ ወጥቻለሁ። በማግስቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ረዳት መሪ ሆኜ፣ ራሴ ላይ ምንም ሳይኖር፣ ከእንግዶቹ ጎን ልራመድ ነበር። ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ነው ያጠብኩት። አራት ቀን የቆየ ሳል ግን ነበረብኝ። ምዜ ደግሞ ከዝናብም ከአንበሳም ይልቅ የሚፈሩት ሳል ነው። እውነታቸውን ነው፤ እዚያ ላይ ሳል ሳንባ ውሃ የመያዙ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ከመውጣታችን በፊት የሳለ ሰው ስሙ ከዝርዝራቸው ይሰረዛል። ይግባኝ የለም።

ጠዋቱን ሙሉ ዝንጅብል በጉንጬ ይዤ ዋልኩ። ሳሉ ሲመጣ ሚኒባስ ጥሩምባ እስኪነፋ እጠብቃለሁ፤ አብሬ እስላለሁ። እግዜር ይስጣቸው፣ የሞሺ ሾፌሮች ጥሩምባ አይሰስቱም።

«ኪሳንጋ፣ ምነው ዛሬ እንደ ሙሽራ አንገትህን ደፋህ?» አለኝ ምግብ አብሳያችን ኪዌሉ።

ዝንጅብሌን ነክሼ ፊቴን አዞርኩ። እሱም የበርበሬውን ከረጢት ከፈተና አራገፈው። አለቀልኝ። ሦስት ጊዜ፣ ከሆዴ ነው የሳልኩት።

ምዜ ከሚዛኑ ቀና አሉ። «ማነው?»

«ፍየል ናት፣ ምዜ» አለ ኪዌሉ።

«ፍየሏን አምጣት።» ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። «ስሟ ኪሳንጋ ነው?»

እጄን ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ነርሷ፣ እህት ማንካ፣ ደረቴን አዳመጠች፤ ጀርባዬንም።

«ንጹሕ ነው። የአቧራ ሳል ነው።»

«ለማንኛውም አንዴ ድገሚው፣ ልጄ።»

ደገመችው። «ንጹሕ ነው አልኩ እኮ አባባ!»

«እስቲ እኔ ላዳምጥ።»

«ታካሚው እኔ ጋ ነው የመጣው ወይስ እርስዎ ጋ?» ብላ ተቆጣች፤ ግን ሰጠቻቸው። ምዜ ማዳመጫውን ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው ደረቴ ላይ ሲያኖሩት ፊታቸው ተለወጠ።

«ይኼ የሚሮጠው ምንድነው?»

«ልቡ ነው።»

«ለምን ይሮጣል?»

«እርስዎን ፈርቶ!»

ምዜ ማዳመጫውን መለሱላት። ውጭ ስንወጣ ዝርዝሩን ከኪሳቸው አወጡ፣ እርሳሱንም አወጡ። ስሜ ላይ አስጠጉት። ከዚያ መልሰው ከተቱትና «ላስብበት፣ ቤትህ ግባ» አሉኝ።

ገባሁ። የተዘጋጀ ቦርሳዬ ፊት ቁጭ ብዬ ማሰብም አልቻልኩም።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ደጄ ላይ ሰው ቆመ። ምዜ ናቸው። እጃቸው ላይ የማሳሌ ቅጠል ይዘዋል። እኛ ቻጋዎች፣ የተራራው ሥር ሰዎች፣ ይህን ቅጠል አጥራችን ላይ የምንተክለው ለዚህ ነው፤ ማሳሌ ይዞ ይቅርታ የሚጠይቅህ ሰው፣ ምንም አድርጎህ ቢሆን፣ እምቢ አይባልም። ሰርዘውኛል ማለት ነው። በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

«ይቅር ብያለሁ፣ ምዜ» አልኩ።

«ጎሽ። እንግዲህ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሆቴሉ በር ላይ እንገናኝ።»

«አልሰረዙኝም?»

«ለምን እሰርዝሃለሁ? ንጹሕ ነው አላለችም?»

«ታዲያ ቅጠሉ የምንድነው?»

መሬት መሬት አዩ። «እዚያ ላይ አንዴ ከሳልክ ወደ ታች እመልስሃለሁ። እጮህብሃለሁም። ያኔ ይቅርታ ልበልህ ብል፣ ማሳሌ እዚያ ከፍታ ላይ አይበቅልም።»

ያኔ ነው ብብታቸው ሥር ያለውን ጥቅል ያየሁት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቅጠል ይዘው፣ ገና ላልበደሉት በደል ቤት ለቤት ሊዞሩ ነው። መንገዱ ደግሞ ዳገት ነው፤ እሳቸው ስልሳ አልፏቸዋል። ጥቅሉን ተቀበልኳቸውና አብሬያቸው ወጣሁ።

መጨረሻ የደረስነው ሆቴሉ ነው። ሚስትየው ቅጠሉን ተቀብላ በጣም ደስ አላትና ባርኔጣዋ ላይ ሰካችው። ምዜ ደነገጡ። በሩ ላይ ቆመው ክንዴን ጨበጡኝ።

«ባርኔጣዋ ላይ ሰካችው እኮ! ይቅር ብላለች ማለት ነው ወይስ አላለችም?»

እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ግን ዓይናቸውን ሳይ አሳዘኑኝ።

«ብላለች፣ ምዜ። እነሱ አገር እንዲህ ነው የሚባለው።»

«በእርግጥ?»

«በእርግጥ።»

በረጅሙ ተነፈሱ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ረዳት መሪነት የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል።