ስምንት አንጎል በሰሊጥ ማሳ

ከኮኪት እስከ መተማ ዮሐንስ ስለ ኮምፒውተር አንጎል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዱ ብቻውን ሲፈጥን እየጋለ ስላስቸገረ፣ ቺፕ የሚሉትን ይህን አንጎል የሚሠሩት ሰዎች ስምንቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሥራውን ያከፋፍሏቸው ጀመር። ታዲያ እኔ ከማን አንሼ? ሰሊጤ ሳይረግፍ እንዲታጨድ ስምንት ሠራተኛ ቀጠርኩ።

እኩለ ቀን ላይ ስደርስ የሚሰማው የአንድ ማጭድ ድምፅ ብቻ ነው። ሰባቱ ማጭዳቸውን እንደያዙ ፀሐይ ላይ ተገትረው ያዩኛል። ከኋላቸው የደረቀው ፍሬ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይሰነጠቃል።

«ምን ሆናችኋል?»

«ጋሼ፣» አለ አንዱ ጎጃሜ ቀስ ብሎ፣ «እርስዎ ጠዋት ድርሻውን ያሳዩት ለዚያ ለሚያጭደው ብቻ ነው። የእኛስ ከየት እስከ የት ነው?»

ዙሪያዬን አየሁ፤ ሁሉም ሰሊጥ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የገዛ ማሳዬን ወሰን አላውቀውም ነበር።