ሙዝ በኪስ ይዞ መራብ

ጂንካ ውስጥ መታመም የሚያስፈራው በበሽታው ሳይሆን በሐኪሙ ብዛት ነው። «ራሴን አመመኝ» ያልክ እንደሆነ ጎረቤትህ ቅጠል፣ ባለሱቁ ክኒን፣ የቤት አከራይህ ጸሎት ያዝዝልሃል፤ ሦስቱም የማን መድኃኒት እንደሠራ ለማጣራት ማታ ተመልሰው ይመጣሉ። ከበሽታ ቀጥሎ ይህን ያህል መካሪ የሚሰበስብ ነገር ቢኖር ብስክሌት ነው። ጎማው እንደ ጣት የቀጠነውን፣ ጋላቢው አጎንብሶ መሬት የሚያሸትበትን የውድድር ብስክሌት ማለቴ ነው። አንድ ጎልማሳ ጠባብ ቁምጣ ለብሶ በዚያ ላይ ተሰቅሎ ያየ የጂንካ ሰው «ወዴት ነው?» አይልም፤ «ለምን?»ም አይልም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለመሆኑ ምን ትበላለህ?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጥያቄው እኔንም ያብሰለስለኝ ነበር። ታምራት እባላለሁ፤ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የዋለውን መቀመጫዬን ወደ ማታ ኮርቻ ላይ የማዛውር ሰው ነኝ። ረጅም መንገድ ለሚጋልብ ሰው የሚበጀው ምግብ ምን እንደሆነ ያልጠየቅሁት የለም። አናጺው ጎረቤቴ «ጥሬ ሥጋ ያልበላ እግር ዳገት አይወጣም» አለኝ፤ እሱ ራሱ ከቤቱ እስከ ገበያ በባጃጅ ነው የሚሄደው። የቢሮ ባልደረባዬ ጥሬ እንቁላል በወተት መትቼ እንድጠጣ አዘዘኝ። ጠጣሁ። የዚያን ቀን የሄድኩት ርቀት በሙሉ ወደ ሽንት ቤት ነበር። ስልኬን ስጠይቀው ደግሞ የጂንካ ሱቅ በስም እንኳ የማያውቀውን የእህል ዓይነት ይደረድርልኛል። እናቴ የአሪ ሴት ናት፤ ስልኬ ያለኝን ሁሉ ባነበብኩላት ጊዜ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና የተቀቀለ ጎደሬ መላጥ ጀመረች። «አባትህ ይሄን በልቶ ነው ተራራ ያረሰው» አለችኝ በአሪኛ። ጎደሬውን ተቀብዬ በላሁ።

ይህን ሁሉ ምክር መልክ ያስያዘልኝ ጋሽ ከድር ነው። ጋሽ ከድር ከወሎ መጥቶ ጂንካ ላይ ሱቅ ከከፈተ የቆየ ነጋዴ ነው። በወጣትነቱ ደሴ ላይ ብስክሌት ይወዳደር ነበር። አሁን ጉልበቱ እምቢ ስላለው እኔንና አስቴርን በሞተር እየተከተለ ያሠለጥናል፤ በነጻ፣ ስድቡን ጨምሮ። አስቴር የልብስ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ የማቃስትበትን ዳገት እሷ ስለ ጎረቤቶቿ እያወራች ትወጣዋለች። ከፋሲካ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ውድድር ስለነበር አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ከጂንካ ሊሄዱ ነው። የሴቷ ነገር ያለቀ ነው። ወንዱ እኔ ስሆን፣ ሠላሳን ያለፍኩ በመሆኔ «ይሄ ሰው ይችለዋል ወይ?» የሚሉ ተጠራጣሪዎች ነበሩ። አንዱ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛ ዕድል እንደማይመጣ ግን አውቅ ነበርና ነገሩን ከልቤ ይዤዋለሁ።

የጋሽ ከድር ሕግ አጭር ነው። «ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጠጣ። ኮርቻ ላይ ራበኝ ካልክ አልቆልሃል።» ማታ መኮሮኒ ወይም ሩዝ፤ መንገድ ላይ ሙዝ፣ ጨው ነስነስ የተደረገበት የእናቴ ጎደሬ፣ ማር የተበጠበጠበት ውኃ። ሕፃን እንኳ ይረዳዋል።

ችግሩ ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን መገጣጠማቸው ነው።

ጋሽ ከድር ከንጋት እስከ ማታ ውኃ እንኳ በከንፈሩ አያልፍም። አስቴር ጾሟን ይዛ ከልምምድ በኋላ፣ ማታ ነው እህል የምትቀምሰው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እኛ ቤት ጾም ሲታወጅ ይጾማል እንጂ የሁዳዴ ሥርዓት የለንም፤ ስለዚህ ከሦስታችን መሐል ለመብላት ሙሉ ፈቃድ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እንግዲህ እናንተው ፍረዱኝ። በአንድ በኩል ከንፈሩ የደረቀ ታላቅ ሰው አቧራ እየበላ በሞተር ይከተላችኋል። በሌላ በኩል ባዶ ሆዷን ዳገት የምትወጣ ሴት አለች። በመሐል እኔ ሙዝ ልጬ ልግመጥ? ጥርስ ቢኖረኝ ዓይንም አለኝ።

በመጀመሪያ ሰሞን ዘዴ ፈጠርኩ። «ሽንቴ መጣ» እልና ቁጥቋጦ ሥር ገብቼ ሙዜን እውጣለሁ። ጾም የሌለበት ሰው ተደብቆ ሲበላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ራሴን አየሁት፤ አያምርም። ደጋግሜ ብወርድ ጊዜ ጋሽ ከድር ፊቱን አኮሳትሮ ወደ ጎን ሳበኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ኩላሊት ነው። ሐኪም ቤት ሂድ» አለኝ። ሌላ ቀን ራሱ ሊወስደኝ ሞተሩን አስነስቶ በር ላይ ቆመ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ቀላሉ ነገር ነበር። እኔ ግን መብላቱን ተውኩት።

አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ጠይቄ፣ ቀይ አፈር ከተማ ደርሰን ልንመለስ ወጣን። የቀይ አፈር ገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ ፍየል በሚነዱና ማርና ቅቤ በተሸከሙ ሰዎች ተሞልቷል። ስንሄድ እንደ ንፋስ ነበርኩ። ሲመለሱ ያለው ዳገት ላይ ግን እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ። ቀጥሎ በዚያ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝና ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ከፊቴ የሚሄደው ፍየል ሁለት ሆነ። ሁለቱን ላለመግጨት መሪዬን ሳጥፍ ከአስፋልቱ ወጥቼ ሣሩ ላይ ተዘረርኩ።

አስቴርና ጋሽ ከድር ከኩርባው ወዲያ ቀድመውኝ ነበርና አላዩኝም። ደግነቱ ገበያተኛው ከበበኝ። አንዲት የበና ብሔረሰብ ሴት፣ ራሷ ላይ ቅል የደፋች፣ አጎንብሳ አየችኝ፤ ከወገቤ በላይ ወዳበጠው የማልያዬ ኪስ እጇን ሰደደችና ሙዝ አወጣች። ደግማ ብትሰድ ሌላ ሙዝ። ቀጥሎ ጎደሬ። ሙዙን ከፍ አድርጋ ለሰዉ አሳየች።

«ሙዝ አለ» አለች። «ሙዝ ካለ ለምን ይሞታል?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ከየት ይምጣ?

ጋሽ ከድርና አስቴር መቅረቴን አይተው ተመልሰው ደረሱ። ጋሽ ከድር ሞተሩን ጥሎ፣ መጣል ነው የምላችሁ፣ አጠገቤ ተንበረከከ። ሙዙን ከሴትዮዋ ተቀብሎ ልጦ፣ እየቆረሰ ያጎርሰኝ ጀመር። «ዋጥ! አታላምጥ፣ ዋጥ!» ከንፈሩ በጥማት ነጭ ሆኗል፤ ጣቶቹ ሙዝ በሙዝ ናቸው፤ አንዱን እንኳ አልላሰም። ሕፃን ከነበርኩበት ጊዜ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። እንደዚያም ያሳፈረኝ።

ነፍሴ ስትመለስ «ለምንድን ነው ያልበላኸው?» አለኝ።

«እናንተ እየጾማችሁ… ደስ አላለኝም፣ ጋሼ።»

የሙዙን ልጣጭ ወረወረው። «እኔ የምጾመው ለአላህ ነው። እሷም ለፈጣሪዋ። አንተ ለማን ነው የምትጾመው? ለእኔ? እኔ ምን ላደርግልህ እችላለሁ?»

አስቴር ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ የጋሽ ከድር ዓይን ብስክሌቷ ላይ የተሰካው የውኃ ዕቃ ጋ ደረሰ። ከጂንካ እንደተነሣ ሙሉ ነው። ለልምምዱ ሲባል ውኃ እንድትጠጣ የንስሐ አባቷ እንደፈቀዱላት ሁላችንም እናውቃለን።

«ይሄስ?»

አስቴር አቀረቀረች። «እርስዎ ተጠምተው… እኔ እንዴት ፊትዎ እጠጣለሁ?»

ጋሽ ከድር አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ያ አላህ! ሁለት ሟች ነው እንዴ የማሠለጥነው?»

ስለ ምግብ የሚያስተምሩ ሁሉ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ እያሉ ይከፋፍላሉ። ይሉኝታ ከየትኛው ክፍል እንደሚመደብ ግን የነገረኝ የለም። ካሎሪ የለውም፤ ሆድ ግን ይሞላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ሕግ ወጣ። ጋሽ ከድር ሙዙን ራሱ ይይዛል፤ ጊዜው ሲደርስ ሞተሩን ያስጠጋና ልጦ ይሰጠኛል፤ ካልዋጥኩ አይሄድም። አስቴርን ደግሞ «ጠጪ!» እያለ ይጮህባታል። የመጀመሪያው ዕለት ግን እኛ ጂንካ ሳንገባ ወሬው ቀድሞን ገባ። «ከድር በጠራራ ፀሐይ ሙዝ ሲልጥ ታየ፤ ጾሙን ፈታ።» ከመስጊድ አንድ ሽማግሌ በትሕትና፣ እግረ መንገዳቸውን እንደሆነ አስመስለው ሱቁ ድረስ መጥተው ጠየቁት። «ልጣጩን እኔ፣ ውስጡን ታምራት» ብሎ መለሰላቸው። ሽማግሌው ስቀው ሄዱ። ሌላው ግን እስከ ዒድ ድረስ ጣቱን ያየው ነበር።

እኔ በላሁ። ስበላ ደግሞ ዳገቱ ዝቅ አለልኝ፤ አስቴርን መያዝ ባልችልም የምታወራው ወሬ እስኪሰማኝ ድረስ ቀረብኩ። ተጠራጣሪዎቹ ቀነሱ። እኔም ከዝርዝራቸው ልወጣ ስል ፋሲካ ደረሰ።

ይህን ነገር ማንም አላሰበውም። ፋሲካ እሁድ፣ ዒድ በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ውድድሩ ከዒድ በሁለተኛው ቀን፣ እሁድ። ፋሲካ ለእኛም በዓል ነውና ጧት እናቴ ቤት በላሁ። ከሰዓት የአስቴር እናት ዶሮ ወጥ አቀረቡልኝና «ከልጄ ጋር ስትደክም የከረምክ ልጅ ነህ፤ ስትበላ ካላየሁ አልቀመጥም» ብለው ከፊቴ ቆሙ። ሴትዮዋን ለማስቀመጥ ስል ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ። ዓርብ ጋሽ ከድር፣ በወሎ ወግ፣ ለክርስቲያን እንግዶቹ ብቻ ክርስቲያን ያረደው በግ አሠርቶ ጠበቀን። ለእኔ ብሎ በግ ያሳረደን ሰው «ሥልጠና ላይ ነኝ» እለዋለሁ? አሠልጣኙ እኮ እሱ ነው! ሆድ ባዶ ይጠላል ይላሉ፤ ሞልቶ የሚፈስንም እንደማይወድ እኔ ልጨምርላችሁ።

አስቴር ግን ብልህ ናት። በጾም የከረመ ሆዴን አላስደነግጠውም ብላ ከዶሮው አንድ ሁለቴ ቀመሰችና ወደ ድንቿና ወደ ዳቦዋ ተመለሰች። ማንም አልተቀየማትም። ጾመኛ ነበረቻ! እኔ ምን ምክንያት አለኝ? አንድም ቀን ሳልጾም ሁለት ጾም ተራብኩ፤ ሁለቱንም ፈሰክኩ።

አርባ ምንጭ ላይ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። አስቴር ከሴቶቹ ሁለተኛ ወጣች። እኔ እስከ እኩሌታው ከመሪዎቹ ጋር ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ሆዴ የራሱን ውድድር ጀመረና ደጋግሜ ቁጥቋጦ ሥር ወረድኩ፤ በዚህኛው ጊዜ የእውነት ነው። ጋሽ ከድር ከመንገዱ ዳር ሲያየኝ አልተሳደበም። በጉ ትዝ ብሎት ይመስለኛል። ከኋላዬ የቀረው አምቡላንሱ ብቻ ነበር፤ ጨረስኩ ግን። መስመሩን ሳልፍ ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አልደብቅም፤ የዞኔን ማልያ ለብሼ መጨረሻም ቢሆን ጨርሻለሁ።

በማግስቱ አስቴር ዓሣ ልጋብዛችሁ አለች። ዓሣ ማንም አያርደውም፤ የእስላም የክርስቲያን አይባልም፤ ለእኛ ለሦስታችን ከዚህ የተሻለ ማዕድ አልነበረም። የተጠበሰው ዓሣ ከነራሱ መጣ። እኔ ከትናንት ጀምሮ ከሻይ በቀር የቀመስኩት የለም፤ የአምቡላንሱ ሐኪምም ሆድህን አሳርፈው ብሎኛል። ጋሽ ከድር ይህን ሰምቷል፤ የሚመጣውን ላለማየት ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቀለ። አስቴር አከርካሪውን በጥንቃቄ አወጣች፤ ከሆዱ በኩል ያለውን ለስላሳውን በእንጀራ ጠቀለለችና በሌላ እጇ ከሥር እየደገፈች ወደ እኔ ዘረጋችው። በሕይወቷ የመጀመሪያ ሜዳልያ አንገቷ ላይ ነው። ፊቷ ያበራል።

«አይ» ለማለት መጀመሪያ አፍ መክፈት ያስፈልጋል።

ከፈትኩ። አጎረሰችኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተባለና ሁለተኛው ተከተለ።